ሽማግሌ ለመቀበል እስከ ካራንግሳሪ

ቅዳሜ፣ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት። ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ ሚኒሶታ

ሰፈሩ ገና አልነቃም። ፓርኪንግ ሎቱ ውስጥ የሚሰማው የሻንጣዬ ጎማ ብቻ ነው። ባለቤቴ ዘይነባ በነጠላ ጫማ ተከትላኝ ወርዳለች።

«ፓስፖርትህን ይዘሃል?»

«ኪሴ ውስጥ ነው።»

«የደም ግፊት መድኃኒትህንስ?»

«ይዣለሁ አልኩሽ እኮ።»

«በል እንግዲህ፣ አደራ፣ ሰው ቤት ገብተህ እንደ ባስህ ልጆች ዝም በሉ፣ ቁጭ በሉ እንዳትል።»

ለማታውቁኝ፣ ሰይድ እባላለሁ፤ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። እዚህ የትምህርት ቤት ባስ ድራይቭ ሳደርግ ብዙ ዓመቴ ነው። ትምህርት ሲዘጋ ሰመሩን አብዛኛውን ጊዜ ኤርፖርት ሰው በማመላለስ አሳልፈዋለሁ። ዘንድሮ የተመላለስኩት እኔው ነኝ። የምሄደው ኢንዶኔዥያ ነው፣ ጃቫ የምትባል ደሴት መሀል ላይ ያለች፣ ካራንግሳሪ የምትባል የገጠር መንደር። የምሄደውም ልጄን እንዲጠይቁኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት ልጅ አለችን፣ ሐያት። እዚሁ ሚኒያፖሊስ ተወልዳ ፋርማሲስት ሆናለች። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ስለ አፈር ከሚያጠና ባጉስ ከሚባል ልጅ ጋር ተዋወቀችና ልንጋባ ነው አለችን። ልጁ ሙስሊም ነው፣ ትሁት ነው፣ ቤታችን ሲመጣ ጫማውን አስተካክሎ ነው የሚያወልቀው። እኔም «እሺ፣ ግን ወግ አለን፤ ቤተሰቦቹ ሽማግሌ ይዘው ይምጡ» አልኩ። ወላጆቹ ገበሬዎች ናቸው። ሊመጡ ሞክረው ቪዛው አልሆነላቸውም። «እንግዲያው በቪዲዮ እንጠይቅ» ብለው ሲልኩብኝ ግን ጮህኩ።

«ልጄ በስልክ አትጠየቅም!»

ዘይነባ ልብስ እያጠፈች ቀና ሳትል «እነሱ መምጣት ካልቻሉ፣ ሄደህ ተጠየቅ» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ከሦስት ቀን በኋላ ሐያት የቲኬት ዋጋ ስታሳየኝ ነው ቀልድ እንዳልነበረ የገባኝ።

እሑድ፣ በሰማይ ላይ

ባጉስ አብሮኝ ነው የሚጓዘው። ለጥናቱ አፈር ስለሚሰበስብ ሰመሩን እዚያው ይከርማል። ሲያትል ወረድን፣ ቶኪዮ ወረድን፣ በመሀል አንድ ቀን የት እንደገባ ሳናውቀው ጠፋብን። የመስኮቱን ወንበር ለእኔ ሰጥቶኛል። ምግብ በመጣ ቁጥር ሥጋው ሐላል መሆኑን አስተናጋጇን ሁለት ጊዜ ጠይቆ ነው የሚያቀርብልኝ። ከዚህ ልጅ ጋር ግን ከአምስት ደቂቃ በላይ ብቻችንን አውርተን አናውቅም ነበር። አሁን ክንዳችን እየተነካካ አሥራ ምናምን ሰዓት ተቀምጠናል።

ከቶኪዮ ከተነሳን በኋላ እንቅልፍ እንዳልወሰደው አየሁ።

«ምን ሆነሃል?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ያልነገርኩዎት ነገር አለ» አለኝ። ጋሼ ማለትን ያስተማረችው ሐያት ናት። ሌላው ንግግራችን በእንግሊዝኛ ነው። «ለወላጆቼ የመጨረሻ ልጅ ነኝ። ሦስቱ ታላላቆቼ ጃካርታ ናቸው፣ መሬቱን የሚይዝ የለም። ስጨርስ ተመልሼ እንድኖር ተስፋ ያደርጋሉ።»

«አንተስ?»

«እኔም ባገሬ አፈር ላይ ብሠራ ደስ ይለኛል።»

«ሐያት ታውቃለች?»

«ታውቃለች።»

ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ከበታቻችን ደመና ብቻ ነው። ያበሳጨኝ ልጁ አይደለም። እናትና አባት አንድ ልጃቸው ከምድር ማዶ ልትሄድ እንደምትችል የሚሰሙት ከሌላ ሰው አፍ ነው? ያኔውኑ በልቤ አንድ ነገር ወሰንኩ፤ ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁኝ «ልጄ ከሚኒሶታ አትወጣም» እላለሁ። በዚህ ከተስማሙ እሰየው። ካልተስማሙ ሻንጣዬን ይዤ እመለሳለሁ።

ሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ከዮግያካርታ ወደ ላይ

ሰዓቴን መቀየር እንኳ አላስፈለገኝም። በሰመር ሚኒሶታና ጃቫ ልዩነታቸው ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። እዚያ ሲመሽ እዚህ ይነጋል፣ የሰዓቱ ቆጣሪ ግን ያው ነው።

ሹፌራችን ዮኖ ይባላል። የመንደሩ ሰው ነው፣ መኪናዋ ደግሞ በሮቿ በሽቦ የታሰሩ አሮጌ ሚኒባስ ናት። መንገዱ መጀመሪያ ሜዳ ነው፤ ሩዝ፣ ሸንኮራ፣ የጡብ ምድጃ፣ ሞተር ሳይክል ላይ አራት ሆነው የተሳፈሩ ቤተሰቦች። ከዚያ ተራራው ይጀምራል። መንገዱ ከሚኒባሷ ብዙም አይሰፋም፤ ከላይ የጎመን ጭነት የያዘ አይሱዙ ሲመጣ አንዳችን ወደኋላ መመለስ አለብን። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ በሌለ ፍሬን ላይ እግሬን ስጭን አየኝና ለባጉስ አንድ ነገር አለው።

«ሥራዎ ምን እንደሆነ እየጠየቀዎት ነው።»

«ባስ ነው የምነዳው በለው። በረዶ ላይ።»

ዮኖ ዞሮ አየኝ፤ መንገዱን ቢያይ በወደድኩ። «በረዶ ላይ ፍሬን ሲይዙ ምን ይሆናል?» አለ።

«አትይዝም።»

ሦስት መታጠፊያ እስክናልፍ ድረስ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ባልደረባ ሆንን። ከማንኛውም ጠምዛዛ በፊት «ባጉስ?» ይለኛል። ባጉስ በቋንቋቸው «ጥሩ» ማለት ነው። የልጄ እጮኛ ስሙ ይኸው ነው፣ አገሩ ሙሉ ቀኑን ሲጠራው ይውላል፤ ሻዩ ባጉስ፣ አየሩ ባጉስ፣ መንገዱም በዮኖ አስተያየት ባጉስ።

ዎኖሶቦ በምትባል ብርዳማ ከተማ ምሳ በላን። ወፈር ያለ፣ ጣፋጭ መረቅ ውስጥ የገባ ፓስታ መሰል ነገር ከጎመን ጋር፣ አጠገቡ በስንጥር የተሰካ የበሬ ጥብስ። የሳህኑን ዋጋ በሺዎች ሲጠሩት ደንግጬ ነበር። ባጉስ ወደ ዶላር ሲመልሰው የኤርፖርት ውሃ አይገዛም።

ሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ካራንግሳሪ

ካራንግሳሪ ጠባብ ሸንተረር ላይ የተሰካች መንደር ናት። ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው በእግር ሩብ ሰዓት ቢወስድ ነው። ቤቶቹ ቀይ ሸክላ የለበሱ፣ አንዳንዶቹ ግድግዳቸው ከተሰነጠቀ ቀርከሃ እንደ ሰሌን የተሠራ ነው። በየደጁ የዓሣ ኩሬ አለ። በየጣራው ሥር የእሳት እንጨት ተደርድሯል። ከሸንተረሩ ግራና ቀኝ የሩዝ እርከኖች ደረጃ በደረጃ እስከ ወንዙ ይወርዳሉ፤ በየእርከኑ ያለው ውሃ ሰማዩን ያሳያል። ባሕር ከዚህ አይታይም። አንዲት አሮጊት አገሯ ደሴት መሆኑን ከትምህርት ቤት ልጆች እንደሰማች፣ እስካሁንም እንደማታምናቸው ነግራኛለች።

ከሚኒባሷ ስወርድ ልጆቹ በሰልፍ መጥተው እጄን ግንባራቸው ላይ እያስነኩ አለፉ። እኔ በየቀኑ ሦስት ጊዜ «ወንበራችሁ ላይ!» የምል ሰው ምን እንደምል ጠፋኝ።

የባጉስ አባት ፓክ ሳርዲ፣ እናቱ ቡ ሱሚ ይባላሉ። ፓክ ማለት እንደ እኛ ጋሼ፣ ቡ ደግሞ እንደ እትዬ ነው። ፓክ ሳርዲ ቀጭን፣ ጥቁር ቆብ ያደረጉ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ቡ ሱሚ አጭር ናቸው፣ ፈጣን ናቸው፣ የእኔን ሳህን ባዶ ማየት አይችሉም። ሩዝ፣ የተጠበሰ የኩሬ ዓሣ፣ የካሳቫ ቅጠል ወጥ፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራ ጥብስ፣ ዓይን የሚያስነባ ሚጥሚጣ መሰል ማባያ። ማባያውን በማንኪያ ስወስድ መንደሩ ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። ደግሜ ስወስድ አጨበጨቡ።

የመግሪብ ሶላት ሲደርስ ከትንሿ መስጊድ ደጃፍ ላይ ከወፍራም ግንድ የተቦረቦረ ከበሮ ተመታ፣ ከዚያ አዛኑ ተሰማ። ከፓክ ሳርዲ ጎን ቆሜ ሰገድኩ። ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ቃል ያልተግባባን ሰዎች እዚያ ላይ እያንዳንዱን ቃል እኩል አልነው።

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። እርከኑ ላይ

ፓክ ሳርዲ በእጃቸው ጠሩኝና ወጣን። አስተርጓሚ የለም። የቴምር ዛፍ የመሰለ ረጅም ዘንባባ ላይ በቀርከሃ መሰላል ወጥተው ሌሊቱን የተጠራቀመውን ፈሳሽ አወረዱ። ቤት ወስደው አፍልተው ቡናማ ስኳር ያደርጉታል። በኩባያ ሰጡኝ፤ ጣፋጭ ነው፣ ጭስ ጭስ ይላል።

እየሄድን ስንሞክር ብዙ ቃል የጋራ ሆኖ ተገኘ፤ ዐረብኛው ለሁለታችንም ደርሶናል። ሰማዩን እያሳዩ «ዋክቱ» ሲሉ ወቅት ማለታቸው ነው። ጉልበታቸውን ይዘው «ዱንያ» ብለው ሳቁ፤ እኔም የኔን ጉልበት ይዤ «ዱንያ!» አልኩ። «ሰበብ» አንድ ነው። በዚህ ደስ ብሎኝ ሳለ ከመንደሩ ዳር አንድ ነገር ፊት ቆሙ።

የቤት መሠረት ነው። ድንጋይና ሲሚንቶ፣ እስከ ጉልበት ከፍ ያለ፣ አራት ክፍል የሚወጣው። ውስጡ ሣር በቅሎበታል፣ ሁለት ፍየሎች ይግጡታል።

«ባጉስ» አሉኝ ፓክ ሳርዲ። መንገዱን ማመስገናቸው እንዳልሆነ ገባኝ።

የሐያትን ጫማ እዚያ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ያየሁት መሰለኝ። ፊቴን አይተው ክንዴን ነካ አደረጉኝና «ፒኪር፣ ፒኪር» አሉ። ፍቅር ያሉኝ መሰለኝ። በኋላ ስጠይቅ «አስብበት» ማለት ነው።

ማክሰኞ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት። ቡ ሱሚ ወጥ ቤት

ምሳ ላይ ብዙም አልበላሁም። ቡ ሱሚ ሳህኔን አይተው ወጡና የመንደሩን የእንግሊዝኛ አስተማሪ፣ ቡ ሬትኖን ይዘው ተመለሱ። ባጉስን «ውጣ፣ ይህ የትልልቅ ሰው ወሬ ነው» ብለው አባረሩት።

«ምን አስከፋዎት?» አሉኝ በአስተማሪዋ በኩል።

ልደብቅ አልቻልኩም። «መሠረቱን አየሁት» አልኩ። «ልጄ አንድ ናት።»

ቡ ሱሚ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። «ያን መሠረት የጣልነው እሱ ለትምህርት በወጣ ዓመት ነው፤ ልጅዎ መኖሯን እንኳ አናውቅም ነበር። ሰው ልጁ ሲርቅበት የሚሠራው ነገር ያስፈልገዋል። ባለቤቴ ድንጋይ ተሸከመ። እኔ ሲሚንቶ አቦካሁ። ከዚያ በላይ ሲሆን ልጁ መምጣት አለመምጣቱን ስለማናውቅ ተውነው። ይመጣል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፣ አልዋሽዎትም። የምጠይቅዎት ግን ልጅቷን ነው፤ የት እንደምታድር አይደለም።»

ያን ጊዜ አስተማሪዋ ሌላ ጉዳይ አነሱ። የመንደሩ ሽማግሌዎች ተቸግረዋል። በእነሱም ወግ ጠያቂ ነው ወደ ልጅቷ ቤት የሚሄደው። እኔ ደግሞ ያለሁት በጠያቂው ቤት ነው።

«ምን ችግር አለው? እዚሁ ይጠይቁኝ» አልኩ።

«አይሆንም» አሉ ቡ ሱሚ። «ቤታችን ተኝቶ፣ ሩዛችንን በልቶ፣ እንቢ ማለት የሚችል ሰው የለም። እንቢ የሚሉበት የራስዎ በር ያስፈልግዎታል።»

ረቡዕ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት። የኔ ቤት

በር ሰጡኝ። ከመንደሩ ላይኛው ጫፍ ብቻቸውን የሚኖሩ ምባህ ካርሲ፣ አያት ካርሲ እንደማለት፣ የሚባሉ አሮጊት አሉ፤ አገራቸው ደሴት መሆኑን የማያምኑት እሳቸው ናቸው። ቁልፋቸውን በሁለት እጃቸው አቀበሉኝ።

«እስከ እኩለ ቀኑ የዙህር ሶላት ድረስ ቤቱ ያንተ ነው። ያስቀየመህን አስወጣ፤ እኔንም ጭምር።»

የላይኛው ሰፈር ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ የልጅቷ ወገን ሆኑ። ዮኖ ሚኒባሷን አጥቦ «እኔ የልጅቷ አጎት ነኝ» ብሎ ከጎኔ ቆመ። ሴቶቹ ሩዝ ይጠቀልላሉ። እኔ ደግሞ ባለቤት ነኝና እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም ብዬ ወጥ ቤት ገባሁ። ሻይ አፈላሁ። ቅርንፉዱና ቀረፋው እዚያው ጓሮ ነው የሚበቅለው፤ እኛ አገር በቁንጥር የምንገዛውን እነሱ በምንጣፍ ያሰጡታል። ቅርንፉዱን ሻይ ውስጥ ስጨምር ምባህ ካርሲ እጄን ያዙኝ።

«ይህ እኮ ሲጋራ ውስጥ ነው የሚገባው!»

ቀመሱት። ኩባያውን መልሰው ዘረጉልኝ።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ከታች መጡ። ከፊት ሽማግሌዎቹ፣ ቀጥሎ ፓክ ሳርዲና ቡ ሱሚ፣ ከኋላ ሴቶች ሙዝ፣ በስኳር የተሠራ የሩዝ ኬክ፣ ባቲክ የሚባል ባለጌጥ ጨርቅ አጥፈው በሰፌድ ይዘው። ባጉስ የለም፤ የሚጠየቅለት ሰው ቤት ነው የሚቀረው። ሩብ ሰዓት የሚሄደውን መንገድ በዝግታ ነው የወጡት። እኔ ደጃፌ ላይ ቆሜ አያቸዋለሁ። ኮምቦልቻ የኔ አባት ለእኔ እንዲህ ነበር ወደ ዘይነባ ቤት የሄደው። ሚኒሶታ ከመጣሁ ወዲህ እንዲህ የሚመጣብኝ ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ተቀመጡ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ረጅም ንግግር አደረጉ፣ ቡ ሬትኖ ተረጎሙ። ልጃቸው ድሃ መሆኑን፣ መሬታቸው ትንሽ መሆኑን፣ የመጡት ግን ሐያት የምትባለውን የሰይድን ልጅ ለባጉስ ሊለምኑ መሆኑን ተናገሩ። ሁሉም ወለሉን ያያል። በር አለኝ። እንቢ ማለት እችላለሁ። አውሮፕላን ላይ ያዘጋጀሁት ቃል አፌ ላይ ነው።

«ልጄን ልጠይቃት» አልኩ።

ሚኒሶታ ምሽት ሦስት ሰዓት አልፏል፤ ወዲያው አነሳችው። ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

«ዳድ? አር ዩ ኦኬ? በላህ?»

«በልቻለሁ። ሐያት፣ ሽማግሌዎቹ ፊቴ ተቀምጠዋል። መጀመሪያ እውነቱን ንገሪኝ። እዚህ ልትኖሪ ነው?»

ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ታመልጠኛለች። አሁን አላመለጠችም።

«አላውቅም አባዬ። እሱ ሲጨርስ ሁለት ዓመት እዚያ እንሞክር፣ ከዚያ እናያለን ነው ያልነው። ልነግርህ ፈልጌ ነበር። ፈርቼ ነው። እማዬ ታለቅሳለች፣ አንተ ዝም ትላለህ ብዬ።»

«ልጁን ትፈልጊዋለሽ?»

«በጣም።»

ቡ ሬትኖ በለሆሳስ «ልተርጉም?» አሉኝ። ቡ ሱሚ ከፊቴ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። ምን እየተባለ እንደሆነ አያውቁም። አሁን እንቢ ብል ያንን ደረጃ በደረጃ የሚወርድ መንገድ ሰፌዳቸውን ይዘው ይመለሳሉ፣ ማታም ሩዝ ያቀርቡልኛል። በዚህ እርግጠኛ ነበርኩ። በሩን የሰጡኝ ለዚያ ነው።

«ይተርጉሙ፣ ሁሉንም» አልኩ። ከዚያ የራሴን ተናገርኩ። «ልጄ ፈቅዳለች፣ እኔም ሰጥቻለሁ። የት እንደሚኖሩ ለሁለቱ ትቼዋለሁ። ግን እዚያ መሠረት ላይ ቤት የሚሠራ ከሆነ ለእኔና ለእናቷ አንድ ክፍል ይጨመርበት።»

ትርጉሙ ሲያልቅ ቃል ቆጣቢው ፓክ ሳርዲ ወጉን አፍርሰው ተነሡና መጥተው ሁለት እጄን ያዙ። ከኋላ አንድ ግንበኛ «የክፍሉ ስፋት ስንት በስንት ይሁን?» ብሎ ጮኸ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሻዩም አለቀ፤ ሁለት ጊዜ ነው ያፈላሁት።

ቅዳሜ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት። ኮሎምቢያ ሃይትስ

ሐያት ኤርፖርት አቅፋኝ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችኝም። «ተናደድክብኝ?» አለች። «ተናድጄ ነበር» አልኳት፤ «አሁን እርቦኛል።» ቤት ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ዘይነባ አበላችኝ፣ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየች፣ ስለ ሁሉም ጠየቀች። ጥሩ ፊት ግን አልሰጠችኝም። በመጨረሻ ሳህኑን እያነሳች አወጣችው።

«አንተን ጠየቁህ። ሐያትን ጠየቃችኋት። እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ሐያት እናቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ቀስ ብላ ተነሥታ በረንዳ ላይ ስልክ ደወለች። ምን እንዳለች አልሰማሁም። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ የዘይነባ ስልክ ጮኸ። ካራንግሳሪ ጠዋት አንድ ሰዓት አልፏል። ቡ ሱሚ ናቸው፤ ረቡዕ የለበሱትን ልብስ ለብሰዋል። ባጉስ አጠገባቸው ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል።

ቡ ሱሚ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በእጃቸው የያዙትን ወረቀት አዩና እያንዳንዱን ፊደል እየረገጡ፣ በአማርኛ አሉ፦

«ዘይ-ነባ። ልጅ-ሽን ስጪ-ኝ።»

ዘይነባ እርጥብ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እንባዋ ቀደማት። ከዚያ ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠግታ «እሺ፣ ሰጥቼሻለሁ» አለች። «አንቺም ልጅሽን ስጪኝ።»

ሐያት ከእናቷ ትከሻ በላይ ሆና ለባጉስ በእንግሊዝኛ ነገረችው። ቡ ሱሚ ወደ ባጉስ ዞሩ፤ ምን አለች? ባጉስ ጆሮው ድረስ ቀላ። እናቱ ጎኑን በክርናቸው ጎሸም አደረጉት። ልጁ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ተረጎመላቸው።